ጉንፋን ነው በይ

ጥቅምት 8

እንደ ሁልጊዜው። ተነሳሁ፣ ልጄን ቀሰቀስኩ፣ የመድኃኒቱን ማሽን ከፈትኩላት። ማሽኑ ሲያንኮራፋ እሷ ጭምብሉን ፊቷ ላይ አድርጋ እንፋሎቱን እየሳበች የቀረ እንቅልፏን ትጨርሳለች። ከዚያ ጭኔ ላይ በሆዷ አስተኝቼ ጀርባዋን መምታት። መምታት ስል መዳፌን እንደ ጭልፋ አጉብጬ ነው… ከታች ወደ ላይ፣ ሳንባዋ ላይ የተለጠፈው ነገር እንዲላቀቅ። ከዚያ ትስላለች። ከዚያ ኩባያዋ ውስጥ ትተፋለች። ከዚያ እኔ ማየት አለብኝ።

ነጭ ከሆነ ደህና። ቢጫ ከሆነ ጠንቀቅ። አረንጓዴ ከሆነ ሐኪም ቤት።

ዛሬ ነጭ ነው። እንደ ሙጫ የሚለጠጥ፣ ከኩባያው አፍ አልላቀቅ ያለ ነጭ። ቋቅ አለኝ። ደፋሁት፣ እጄን ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ። ስንት ዓመት አየሁት? አሁንም አልለመድኩትም።

ከልጅነቴ ተጸያፊ ነኝ። ወንድሜ ሲናፈጥ ሳህኔን ይዤ ከማዕድ እነሳ ነበር። እናቴ፣ “አንቺ ልጅ የወለድሽ ቀን ምን ይውጥሻል?” ትለኝ ነበር። ይኸው… ወለድኩ።

ሥራ ቦታም ያው ነው። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። አንሶላው በጆንያ ተጠቅልሎ ከላይ ይወርድልናል። ሰው ሆቴል ሲገባ ምን ይነካዋል? ቤቱ የማያደርገውን ሁሉ የሚያደርገው በእኛ አንሶላ ላይ ነው። ካውያ ተኳሿ ጓደኛዬ ግን ትስቃለች። “እኔ አንሶላውን አይቼ ሰውዬውን ከነጸባዩ እነግርሻለሁ” ትላለች። እኔ ጓንት ደርቤ እንኳ ይቀፈኛል።

ጥቅምት 12

ምሳ አማቴ ቤት። ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ሊያገባ ነው። ሙሽሪት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት አሉ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ከሳሎን እስከ ማድ ቤት አልዘለቀም።

አማቴ ሳህን ላጥብ ስል ተከትላኝ ገባች። (ፊቷ “እርስዎ” እላታለሁ። እዚህ ግን ማን ይሰማኛል።) በሩን ገርበብ አደረገችው። አማቴ በር ስትገረብብ ደስ አይለኝም።

“የልጅቷ ቤተሰቦች የተከበሩ ሰዎች ናቸው” አለች።

“ጥሩ ነዋ።”

“ዘር ይጠይቃሉ።”

ገባኝ። ሳህኔን አጠብኩ።

“የልጅሽ ሳል… ሰው ፊት ከሆነ ጉንፋን ነው በሉ። ልጅሽም ትልመደው። ክኒኗንም እዚያ ሰው መሃል አትደርድሪው። ሰርጉ እስኪያልፍ ነው እንጂ ሁልጊዜ አላልኩ።”

“ክኒኑን ካልዋጠች የበላችው አይፈጭላትም እኮ።”

“አንድ ቀን ቢቀር አትሞትም።”

ፎጣው እጄ ላይ ቀረ። አትሞትም… እንዴት ቀለል አድርጋ አለችው።

የልጄ በሽታ በዘር የሚመጣ ነው። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ስላ ነው ያስረዳችን። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው አይታመምም፤ ተሸካሚ ይባላል፤ ሳያውቀው ኖሮ ሳያውቀው ይሞታል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ነው ልጅ የሚታመመው። እኔም ተሸካሚ፣ ባሌም ተሸካሚ። አማቴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱን ክብ ብቻ ነው የምታየው። የእኔን። “በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም” ትላለች፤ ወረቀቱን ያየችው በመነጽር ይሁን በጀርባዋ እንጃ።

ጥቅምት 13

አንገብግቦኝ አደረ።

ጥቅምት 19

ለባሌ ነገርኩት። ጋራዥ ውሎ እጁን በሳሙናና በአሸዋ እየፈተገ ነበር።

“እናቴ እኮ ስለሚያስጨንቃት ነው” አለ።

“እኔንስ?”

“ለትንሽ ጊዜ ነው። ወንድሜ ደግሞ ስንት ዓመት ሲጠብቅ… በእኛ ምክንያት ሊበላሽበት ነው?”

“ወንድምህ ራሱ ተሸካሚ ቢሆንስ? ሙሽሪት የማወቅ መብት የላትም?”

“ቢሆንስ እያልሽ የሰው ሰርግ አታፍርሺ።”

ቀኑን ሙሉ ጥቁር ዘይት ውስጥ እጁን ነክሮ የሚውል ሰው ነው። ልጁ ኩባያዋን ስታነሳ ግን ከክፍሉ ይወጣል። ሁልጊዜ አንድ የረሳው ነገር አለው። ቁልፍ፣ ስልክ፣ መስኮት። የማላይ ይመስለዋል።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? ደከመኝ መሰለኝ። ከእነሱ ጋር መከራከር በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

ጥቅምት 24

ማታ ልጄን አለማመድኳት። “ሰው ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ?”

“ጉንፋን ነው።”

“ጎበዝ።”

“ግን ጉንፋን አይደለም እኮ።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን…”

“ተኚ።”

ስምንት ዓመቷ ነው። አልተኛችም፤ ጀርባዋን ሰጠችኝ እንጂ።

ኅዳር 2

ሙሽሪትና ቤተሰቦቿ አማቴ ቤት መጡ። ወግ፣ ሰላምታ፣ “እንዴት ናችሁ” ለሦስተኛ ጊዜ። የሶፋው ፕላስቲክ እየተጣበቀብን ተቀመጥን። ልጄ ጥግ ላይ። ቀሚሷ ላይ ያለውን ቁልፍ ስታሽከረክር ሳሉ ሲመጣ አየሁባት። ትከሻዋ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ከንፈሯ ይጠበባል። ያዘችው። ያዘችው… ከዚያ ፈነዳ። ከትንሽ ደረት የማይጠበቅ፣ ከስር የሚፍቅ ሳል።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

“ጉንፋን ነው። ይሄ አየር ልጆቹን አላስቀምጥ አለ” አለች አማቴ፣ ሳህን እያዞረች።

የሙሽሪት አባት አንገታቸውን ሰበር አድርገው አዩአት። “ይሄ ሳል ግን ጠንከር ያለ ነው።”

“ጉንፋን ነው” አለች ልጄ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

ራሴን ነቀነቅኩላት። ጎበዝ ማለቴ ነው። መዋሸት ስላወቀች ጎበዝ። በራሴ ላይ ምራቄን ብተፋ ደስ ባለኝ።

ክኒኑን አልዋጠችም። ቅባት ያለው ሥጋ ግን አማቴ ራሷ አንስታ ሰጠቻት፤ እንግዳ ፊት አያት መሆኗ ነው። ውጤቱ አልዘገየም። ልጄ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስትወጣ ሽታው ተከትሏት ሳሎን ድረስ መጣ። ይሄ ሽታ የበሽታው ነው፤ ቅባቱ ሳይፈጭ ሲወጣ እንዲህ ነው። ለማያውቅ ግን… የሙሽሪት እናት መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ያዙ። አማቴ ብድግ ብላ መስኮት ከፈተች።

“የጎረቤት ድመት ናት። አስቸገረችን እኮ።”

ልጄ መሬት መሬት አየች። ጆሮዋ ቀላ። ድመት ሆነች ልጄ።

ሙሽሪት ብቻ ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች። የአፏን ጥግ በራሷ እጅጌ ጠረገችላት። በእጅጌዋ! እኔ እናቷ የማላደርገውን። አልተኮሳተረችም፣ እጅጌዋን አላየችውም እንኳ። ቀናሁ።

ኅዳር 6

ጥሩ ሳምንት። ሳሏ ቀነሰ። ጠዋት ጀርባዋን መትቼ ስጨርስ ኩባያው ባዶ ነው። “የለም?” አልኳት። “የለም” አለችኝ። ንጹህ፣ ደረቅ ኩባያ። ሐኪሟ በቅርቡ ያስጀመረቻት አዲሱ መድኃኒት ይሆናል። ፈገግ አልኩላት፤ እሷም ፈገግ አለች።

ከስንት ጊዜ በኋላ ቁርሴን በሰላም በላሁ።

ኅዳር 9

ዛሬም ባዶ። ተኳሿ፣ “ዛሬ ፊትሽ ተተኩሷል” አለችኝ። ሳቅኩ።

ኅዳር 12

ምግብ አልበላም አለች። ትምህርት ቤት ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች ብላ አስተማሪዋ ደወለች። ባሌ፣ “ስንፍና ነው” አለ። እኔም… እኔም እንዲሆን ፈለግኩ። ከሌላው ሁሉ ስንፍና ይሻላል።

ኅዳር 14



ምሳ ላይ ሦስታችንም ተቀምጠን ነበር። ሩዝ እየበላን። ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠችና አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስታወከች። ሩዝ አልነበረም። ከሆዷ የወጣው ሁሉ አክታ ነው። አረንጓዴ፣ ገመድ ገመድ የሚል፣ የደም ክር ያለበት። የሚሸት። ባሌ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። እኔ… እኔም ወደ ኋላ አልኩ። እጽፈዋለሁ፦ ወደ ኋላ አልኩ።

“ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ጠዋት የለም አላልሽም?”

ዓይኗን ማንኪያዋ ላይ ተከለች።

“እየዋጥሽው ነበር?”

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

“ለምን?”

“ኩባያው ንጹህ ሲሆን ደስ ይልሻል።”

ፎጣ አነሳሁ።

“ሳሉንም ሳይመጣ መያዝ ለምጃለሁ። አያቴም ጎበዝ ብላኛለች” አለች። ከዚያ፣ “ስተፋ ፊትሽ እንዲህ ነው የሚሆነው” ብላ አሳየችኝ። አፍንጫዋን ሸበሸበች፣ የላይኛውን ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን ጎተተች፣ ዓይኗን አጠበበች። የእኔ ፊት ነው። ቁርጥ የእኔ ፊት፣ በልጄ ፊት ላይ።

እኔ ፊቴን የደበቅኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ በየጠዋቱ መስታወቴ እሷ ኖራለች።

ኅዳር 15

ሆስፒታል። ፎቶ አነሷት። ሐኪሟ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ በብዕሯ ጫፍ አሳየችኝ፤ የቀኝ ሳንባዋ ታች በጭስ የተሞላ ክፍል ይመስላል።

“መዋጡ አይደለም የጎዳት” አለች። “ልጆች ይውጡታል። ሳሉን ማፈኗ ነው። ሲታፈን ውስጥ ይተኛል፣ ተኝቶም ያመረቅዛል። ደግሞ ቀለሙን ያየላት ሰው አልነበረም።”

ያየላት ሰው አልነበረም። አዎ። አልነበረም።

መድኃኒቱ በደም ሥሯ ነው የሚሰጣት። ሥር ሲፈልጉ እጇ ላይ አራቴ ወጓት። አላለቀሰችም። አለማልቀሷ አስጠላኝ። ይሄንንም ማፈን ለምዳለች ማለት ነው።

ኅዳር 17

ክፍሉ ስድስት አልጋ ነው። የእጅ መታጠቢያው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ተለጥፏል። በየአልጋው ጠያቂ ይመጣል፤ የራሱን በሽተኛ ጠይቆ ሲጨርስ ወደ እኛ ይዞርና ከንፈሩን ይመጥጣል። ምጥጥ። “አይ ሰው መሆን።” ምጥጥ። “ሌላ ልጅ የለሽም?” ከአክታው ይልቅ ይሄ ከንፈር የበለጠ ያቅለሸልሸኛል። አክታው ቢያንስ ሐሰት የለውም።

አማቴ አልመጣችም። ባሌ ከሥራ ሲወጣ መጥቶ አልጋው ግርጌ ቆመ። መቀመጥም አልሆነለት፣ መሄድም አልሆነለት።

“እማዬ ምን አለች መሰለሽ… ሰው ከጠየቀ ዘመድ ጋ ሄደች በሉ አለች።”

“አንተስ ምን አልካት?”

“ምን ልበላት?”

“ውጣ” አልኩት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ ልጄ እንዳትሰማ። ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት። በር እስኪዘጋ አልተነሳም።

ኅዳር 19

ሙሽሪት መጣች። ዋርሳዬ አፉ አምልጦት ነገራት መሰለኝ። ብርቱካን ይዛ፣ የሥራ ካፖርቷ ላይ የልጆች ቀለም እንደተረጨ። ልጄን ግንባሯን ሳመቻት። ተቀመጠች። አካባቢውን አየች… የመድኃኒቱን ጠርሙስ፣ የኦክስጅኑን ቱቦ፣ ኩባያውን።

“ጉንፋን ነው?” አለችኝ። በፌዝ አይደለም። መልሱን እያወቀች እኔን ስትጠብቅ ነው።

አፌን ከፈትኩ። ልጄ ቀደመችኝ። “እኔ ልንገራት?”

“ንገሪያት።”

“ጉንፋን አይደለም። አይተላለፍም፤ ስለዚህ አትፍሪ። ከእማዬ አንድ፣ ከአባዬ አንድ መጥቶ ነው። ሳንባዬ ውስጥ ያለው ንፍጥ ይወፍራል። ላቤ ደግሞ ጨው ነው። አሁን ስትስሚኝ አልቀመሽውም?”

ሙሽሪት ከንፈሯን በምላሷ ነካ አደረገች። “ቀምሼዋለሁ” አለች። ልጄ ሳቀች። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኮሪደር ወጣን። “የእኔው እጮኛም አለበት?” አለችኝ።

“ሊኖርበት ይችላል፣ ላይኖርበትም ይችላል። ቢኖርበት እንኳ አንቺ ከሌለብሽ ልጅሽ አይታመምም። የደም ምርመራ አለ።”

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

“ዝም በይ ተባልኩ። ዝም አልኩ።”

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “እሺ” ብላ ሄደች። ብርቱካኑን ልጄ ሁለት በላች።

ኅዳር 20

ዋርሳዬ ደወለ። “ደስ አለሽ? ሰርጉን አቁሙት አለች እኮ። እስክትመረመር አላገባህም አለችኝ። አባቷማ ሊያዩኝም አልፈለጉ።” ብዙ ተናገረ። “ምቀኛ” ሲለኝ ስልኩን ለባሌ ሰጠሁት።

ባሌ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ፣ “ሂድና ተመርመር” አለው። “ሚስቴ ናት፤ ሁለተኛ እንዲህ ብለህ እንዳታናግራት።” ዘጋው። አላየኝም። ቁልፍ የረሳ ሰው ይመስል ኪሱን መነካካት ጀመረ። እጁን ያዝኩት። የዘይት ሽታ አለው። አልቀፈፈኝም።

ኅዳር 22

እንደምንም አስተካክዬ ልጽፈው።

ከሰዓት ላይ አማቴ መጣች። ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ። ለጠብ የመጣ ሰው አረማመድ አውቃለሁ።

“ቤቴን አፈረስሽው” አለች። “የልጄን ትዳር በአፍሽ አፈረስሽው። ገበና የሚባል አታውቂም?”

“ቀስ ይበሉ፣ ተኝታለች።”

ልጄ ትኩሳቱ እየለቀቃት ነበር። ላብ አስምጧታል፤ ፀጉሯ ከግንባሯ ተጣብቋል፤ ላቡ የደረቀበት ቦታ ነጭ ዱቄት መስሏል። አማቴ አየቻት። የጀመረችውን ረሳችው። ጎንበስ ብላ ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገችና ግንባሯን ሳመቻት።

ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። አማቴ ልጄን ግንባሯን ስማ አታውቅም። ሁልጊዜ በፀጉሯ ላይ፣ በሻሿ ላይ፣ በአየር ላይ። ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ቀና አላለችም። እንደ ጎነበሰች ቆየች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

“ያው ነው” አለች።

“ምኑ?”

“ጣዕሙ።”

ከንፈሯን በመዳፏ ጠረገች።

“ከባልሽ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ” አለች። ለእኔ ሳይሆን ለብርድ ልብሱ ነበር የምታወራው። “ትጠባለች፣ አትወፍርም። ትስላለች። ስስማት ጨው ጨው ትለኛለች። ለእናቴ ነገርኳት። ዝም በይ፣ ቀሪ እህቶችሽን የሚያገባ ይጠፋል አለችኝ። አማቴ ደግሞ ወተትሽ ነው የገደላት አሉኝ። ጥርስ ሳታወጣ ሞተች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስሟን የጠራ የለም። እኔም አልጠራሁም።”

“ሐኪሟ ወረቀቱን ስታሳየን ያውቁ ነበር?”

“ያን ዕለት አወቅሁ።”

ያን ዕለት። ልጄ ያኔ መቆም እንኳ አልጀመረችም። ከዚያ ወዲህ “ከአንቺ ወገን ነው” ብላ ፊቴ ላይ ስትለጥፍብኝ ኖረች፤ የራሷን ልጅ እኔ ላይ ቀብራ። ጉሮሮዬ ላይ የመጣው ነገር ስድብ ነበር ወይስ ትውከት? ሁለቱም ነበሩ። እንዲህ ያለ ጽያፌ በሕይወቴ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ በእሷ ላይ፣ በእናቷ ላይ፣ በአማቷ ላይ፣ ዝም በይ እያሉ በተቀባበሉት ሴቶች ሁሉ ላይ። ከዚያ ሰልፉ ላይ እኔም ቆሜ አየሁት። “ጉንፋን ነው በይ” ያልኳት እኔ ነኝ።

አልተሳደብኩም። ይቅር ብዬሻለሁም አላልኩም። ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

“ሰጠኋቸው” አልኩ? ይሁን።

ኅዳር 27

ቤት ገባን። ሐኪሟ ስትሸኘን ለልጄ፣ “ሳል ጠላትሽ አይደለም፤ ጠራጊሽ ነው” አለቻት።

ጠዋት ጀርባዋን መታሁ። ኩባያውን ያዝኩላት። አፏን ዘግታ ፊቴን አየች። ምን አይነት ፊት ልስጣት? ፈገግታ ብሰጣት ታውቅብኛለች።

“ስሚ” አልኳት። “ይቀፈኛል። እውነቴን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ግን የሚቀፈኝ እሱ ነው፤ አንቺ አይደለሽም።”

አሰበችበት። “እኔንም ይቀፈኛል” አለች። “አፌ ላይ ደግሞ ይጣፍጣል መሰለሽ?”

“እንግዲያው አብረን እንጸየፈው።”

ተፋች። ሁለታችንም አፍንጫችንን ሸብሽበን አየነው። እሷ “ተከራዩ” አለችው። ኪራይ የማይከፍል፣ አልወጣም የሚል ተከራይ። ከዚያ ወዲህ ስትስል “ተከራዩን እያስወጣሁ ነው” ትላለች። ባሌ ሰምቶ ከኮሪደሩ ሳቀ። “ና ግባ” አልኩት። ገባ። ኩባያውን ሰጠሁት። ፊቱ ገረጣ። ግን አልወጣም።

ታኅሣሥ 11

የምርመራው ውጤት ወጣ። ዋርሳዬ ተሸካሚ ነው። ሙሽሪት አይደለችም። አባቷ አሁንም ፊታቸው አልተፈታም፤ እሷ ግን፣ “ከእሱ ደም ይልቅ ዝምታው ነው ያስፈራኝ” አለችው አሉ። ሰርጉ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ዋርሳዬ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጥቶ ስለ አየሩ ሲያወራ ውሎ ሄደ።

ታኅሣሥ 20

ሥራ። አንድ እንግዳ አንሶላው ውስጥ የአሳ አጥንት ጠቅልሎ ላከልን። ለምን? ሰው ምን ሆኖ ነው? ተኳሿ፣ “ባለትዳር ነው፤ ማስረጃ ሲያጠፋ ነው” አለች። እስከ መውጫችን ሳቅን። በጣም ቀፈፈኝ ግን።

ጥር 5

ሰርጉ አለፈ። ልጄን አዳራሹ መሃል ሳል ያዛት። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። ልጄ ዞር ብላ፣ “ምን ጠጣሽ?” አለቻት። እኔ መቆጣት ነበረብኝ። አልተቆጣሁም።

ጥር 17

የጠዋት ፈረቃ ደረሰኝ። ባሌም ጋራዥ በጠዋት ይፈለጋል። አማቴ ሳይጠሩ መጥተው፣ “አሳዪኝ” አሉ። ሳምንት ሙሉ አሳየኋቸው። ዛሬ ፈረቃ አልነበረኝም፤ እሳቸው ግን መጡ። ከአልጋዬ ሳልነሳ ሰማሁ። የእሳቸው አመታት ከእኔ ይዘገያል፤ ትንሽ ቆም እያሉ፣ የሚያደምጡ ይመስል።

ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። ልጄ ጭናቸው ላይ በሆዷ እንደተኛች፣ ድምፅዋ በየምቱ እየተቆራረጠ ትጠይቃቸዋለች።

“አያቴ… የሞተችው… አክስቴ… ስሟ ማን ነበር?”

እጃቸው ቆመ። ለካ ልጄ ያን ቀን ሆስፒታል አልተኛችም፤ ሰምታናለች። እኔን አዩኝ። እኔ ምን አገባኝ? ስሙ የእሳቸው ነው። ባሌ እንኳ አያውቀውም። ግን አልሄድኩም።

ነገሯት። ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ደግመው አሉት፣ ሁለተኛውን ጥርት አድርገው።

“ያምራል” አለች ልጄ። “እሷንም እንዲህ ትመቻት ነበር?”

“አላውቅም ነበር” አሉ። “የነገረኝ አልነበረም።”

እጃቸው እንደገና ጀመረ። ሳሉ መጣ። ኩባያውን እኔ ያዝኩ። አፍንጫዬ ተሸበሸበ፤ የልጄም ተሸበሸበ። አማቴ መነጽራቸውን አውርደው ኩባያው ላይ ጎነበሱ፤ ረጅም ጊዜ አዩ።

“ይሄ ምን ይባላል?” አሉ።

“ነጭ ነው” አለች ልጄ። “ዛሬ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።”